ፕላስቲክ የለበሰው ወንበር

ውድ አባባ፣

ካረፉ ስድስት ዓመት ሆነዎት፤ አንድ መስመር አልጻፍኩልዎትም። አሁን ግን ወንበርዎ ላይ ያለው ፕላስቲክ ማንም ሳይቀመጥበት ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። ባለቤቴ "ነፋስ ነው" ትለኛለች። መስኮቱ ግን ዝግ ነው።

ከአምስት ወር በፊት የፕሮስቴት ካንሰር ተገኘብኝና በሮቦት ቀዶ ሕክምና አወጡልኝ። ሐኪሙ ጥግ ይዞ እጀታ ያንቀሳቅሳል፣ ማሽኑ ይቆርጣል። ካንሰሩ ወጣ፣ ተመስገን። የሽንት ቱቦው ሲነቀል ግን ጉድ ፈላ! ሳስል ጠብ፣ ስስቅ ጠብ፣ ብድግ ስል ጠብ። የሰፈሩን ሶፋ ሁሉ ያለበስኩት ሰውዬ ሶፋ ፈራሁ። አንድ ደንበኛዬ "ምነው፣ አረፍ በል እንጂ" ቢለኝ "መቆም ለምጃለሁ" አልኩት። የእርስዎ ቃል ነው!

አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ወንበርዎ ላይ እንደተቀመጡ እንግዳ ፊት ሽንት አመለጠዎት። እኔም "አባባ! ጨርቁ አዲስ እኮ ነው!" ብዬ ጮህኩብዎት። በማግስቱ ጨርቁን ቀይሬ፣ በላዩ ወፍራም ፕላስቲክ ወጥሬ፣ ዙሪያውን በምስማር መታሁት። "እጅህ ይባረክ" አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ግድግዳ ተደግፈው ይቆሙ ጀመር። "አይቀመጡም?" ሲባሉ "መቆም ለምጃለሁ" ይላሉ። እኔም አመንኩ። ማመኑ ስለተመቸኝ ነው።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ "ሽንት እንደሚይዝ ሰው ሰብሰብ አድርገው ይያዙ፣ እስከ አስር ይቁጠሩ፣ ይልቀቁ" አለችኝ።

"እስከ መቼ?"

"እስኪሰለችዎት። ከዚያ እንደገና።"

ሶፋ እየሰፋሁ ቆጠርኩ። በቀን ስድስት የሽንት ፓድ የነበረው ሦስት ሆነ፣ ከዚያ አንድ። ለእኔ ይህ ሁሉ ተደረገ፤ እርስዎን ግን ሐኪም ዘንድ እንኳ አልወሰድኩዎትም። "እርጅና ነው" ብዬ ዘጋሁት። ይህ ያንገበግበኛል፣ አባባ።

ይኸው አራተኛ ቀኔ ነው፣ ጠብታ የለም። ባለቤቴ "እልል ልበል?" ስትለኝ "ቆይ" አልኳትና ጉጠት አነሳሁ። ምስማሩን አንድ በአንድ ነቅዬ ፕላስቲኩን ገፈፍኩት። እድፍ ካለ በእጄ አጥቤ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነበር። እድፍ የለም። ከዚያ ወዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ አብረውን ኖረው ስፖንጁ እንኳ አልጎደጎደም። ጨርቁን ስቆርጥ በጠመኔ ያሰመርኩት መስመር እንኳ እንዳለ አለ።

እኔም አልተቀመጥኩበትም። ይህንን የምጽፍልዎት ቆሜ ነው።

እባክዎ፣ አንዴ ይምጡና አረፍ ይበሉ። ቢያመልጥዎትም ያምልጥዎት፣ ጨርቅ ይታጠባል።

የጮኸብዎት ልጅዎ