«ቅርብ ነው» ተብሎ ስለተለካው የዲንሾና የሮቤ መንገድ

ዲንሾ፣ መስከረም 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ መሸሻ፣ የዘርና የማዳበሪያ ማጓጓዣ አጥኚ፤
ጎባ።

አብዮታዊ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ጭንቅላትዎ ደህና ይሁን። የልጄ የወዚር ጭንቅላት በእርስዎ ጥናት ምክንያት ሮቤ መጋዘን በር ላይ በጠመንጃ ሰደፍ ስለተፈለጠ፣ የእርስዎ ጤንነት ከማንም ይልቅ ያሳስበኛል።

ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ፣ አጻጻፌ ቢያስቸግርዎ ይታገሱኝ። እኛም ጥናትዎን ታግሠናል።

1. አምና መንገዳችንን ሊያጠኑ ስለመጡ አመሰግናለሁ። መኪናዎን ከታች አቁመው፣ ዳገቱን እያለከለኩ ወጥተው፣ ደጄ ላይ እርጎ እየጠጡ ሮቤ ምን ያህል እንደሚርቅ ጠየቁኝ። ቅርብ ነው አልኩዎት። ጎረቤቴ ጁሀራም እንደዚያው አለችዎት። በእኛ አገር የደከመ እንግዳ መንገድ ሲጠይቅ ሩቅ ነው ብሎ ጉልበቱን የሚሰብር የለም፤ እንዲበረታ ቅርብ ነው ይባላል። እርስዎ ማበረታቻችንን ልኬት አድርገው ጻፉት። ከዚያም በመኪናዎ ሮቤ ሄደው በእርግጥ ቅርብ ሆኖ አገኙት።

2. ገበሬው ራሱ ቅርብ ነው ብሏል ብለው የዲንሾን የዘር መጋዘን አዘግተው ሁላችንም ከሮቤ እንድንጭን ስላደረጉ፣ ለተረፈው ናፍጣ እንኳን ደስ ያለዎት። ጥናቱ ጎባ አዳራሽ ሲነበብ ተጨበጨበ አሉ። በፈረስ ለምንጭነው ለእኛ አንድ ጊዜ ቢነበብልን ኖሮ፣ እዚያው ስቀን እናርምልዎ ነበር።

3. ልጄ። የዘር ወቅት ሲደርስ ከዲንሾም ከአጋርፋም የመጣው ሕዝብ በአንድ በር ላይ ተከመረ። ዝናቡ ሳያልፍ መዝራት ስላለበት ወደኋላ የሚል አልነበረም፤ የወደቀው ተረገጠ፣ የደነበሩት ፈረሶችም ሰው ረገጡ። ዘበኞቹ ሰልፍ ለማስያዝ በሰደፍ ወረዱባቸው። ወዚር የተረገጠ ሽማግሌ ሊያነሳ ሲጎነበስ ደጋግመው መቱት። የዘር ገብሱን እንዲያስርበት በሰጠሁት ገመድ የእሱን ሬሳ ፈረሱ ላይ አስረው አመጡልኝ። መንገዱን ሙሉ ደሙ ተንጠባጥቦ ነበርና፣ ርቀቱን በትክክል መለካት ቢፈልጉ ዝናቡ ሳያጥበው መምጣት ነበረብዎ። ያን ሰሞን ደጄ ብቅ ብለው ቢሆን፣ እርጎ ባቀረብኩልዎት እጄ መጥረቢያ ይዤ እቀበልዎት ነበር።

ሌላ ጥናት ካሰቡ፣ ፈረስ ጭነው ጭቃውን በእግርዎ ይሂዱት፤ የጻፉትንም ሹሞቹ ከማጽደቃቸው በፊት ለጫኞቹ ያንብቡ። ይህ ከከበደዎ ጥናቱ ይቅርብን።

እስክትሞት ድረስ የማትረሳዎት፣ ረጅም ዕድሜና እንቅልፍ የሌለው ሌሊት አላህ እንዲሰጥዎ የምትለምን፣

ሎሚ ቱፋ፣ የወዚር እናት

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን በተዘጋው የዲንሾ መጋዘን በር ላይ ለጥፌዋለሁ። መጥተው ሊያነቡት ቢያስቡ፣ ሩቅ ነው። ከእንግዲህ ዳገቱ ላይ ወድቆ ቢያቃስት እንኳ፣ ለማንም እንግዳ ቅርብ ነው አልልም።