አልቃሻውና ጎርናናው

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። ከቀኑ 11 ሰዓት

ከኤልያስ ጁስ ቤት ተመለስኩ። እዚህ ታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ፣ ሙቀቱ ያው ነው። ማንጎ አዘዝኩ፣ ግማሹን ተውኩት። የሥራው ሳምንትም ያው። የጫኖ መስኖ ቦይ መዝጊያ ያፈሳል፣ ተቋራጩ «ተጠግኗል» ብሎ ይጽፋል፣ እኔ በቀይ እስክሪብቶ እመልሳለሁ። ድሮ ስጽፍ እስክሪብቶዬ በንዴት ወረቀቱን ይቀድ ነበር። አሁን እጄ በልማድ ይጽፋል፣ እኔ ሌላ ቦታ ነኝ። የት እንደሆንኩ አላውቅም።

ደብተር፣ የፊተኛው ሞልቶ አንተ አዲስ ነህና ሰዎቹን ላስተዋውቅህ። አልደግመውም።

ኤልያስ የጁስ ቤቱ ባለቤት ነው። አርባ ዓመት ቢሞላው ነው። በኪቦርድ ዘመን ያደገ፤ ለእሱ ከበሮ ማለት ቁልፍ ሲጫኑት የሚመጣ ነገር ነው። ባለ ትራምፔትና ባለ ሳክስፎን ባንዶችን «የሰልፍ ሙዚቃ» ይላቸዋል። ዛሬም ገጠምን። አንድ ሰው ኪቦርድ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ባንድ ነኝ ሲል፣ ብቻውን ኳስ መትቶ፣ ብቻውን በር ጠብቆ፣ ራሱ ፊሽካ ነፍቶ አሸነፍኩ እንደማለት ነው አልኩት። ሳቀ። «ጋሼ፣ እርስዎ የሚጠሉትን በደንብ አውቃለሁ፤ የሚወዱትን ግን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም» አለኝ። ሂሳቤን ከፈልኩ።

ደምሴ ዛሬም አልመጣም። ደምሴ የካምባ ልጅ ነው፣ በግብርና መ/ቤት የሙዝ ባለሙያ። ከደሴ ለትምህርት መጥቼ እዚሁ ከቀረሁ ጀምሮ ተከራካሪዬ። ክረምቱን ታሞ ተኝቶ ነበር። አሁን ቆሞ ይሄዳል ይላሉ።

የክርክራችን ሥር ሁለት ካሴት ነው። ሁለቱንም ደምሴ በወጣትነቱ፣ ካምባ፣ ከአንድ አስተማሪ ነው የቀዳቸው። የቅጂ ቅጂ። ሽፋን የለ፣ ስም የለ። የፈረንጅ ዘፈን መሆኑን እንጂ ማን እንደሚዘፍን አናውቅም ነበርና ራሳችን ስም አወጣንላቸው። የአንዱ ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል፦ ጎርናናው። የሌላው ቀጭን ነው፣ እንባ ጉሮሮው ላይ የተያዘ፣ ዘፈኑ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ጭራሽ የሚብስበት፦ አልቃሻው። ደምሴ የጎርናናው ሰው ነው። እኔ የአልቃሻው። እሱ የእኔን «ጡት ያስጣሉት ሕፃን» ይለዋል። እኔ የእሱን «ጉንፋን የያዘው በሬ» እላለሁ። በዚህ አርጅተናል።

አምና ኤልያስ ዘፈን ሰምቶ የዘፋኙን ስም የሚናገር ነገር ስልኩ ላይ ጫነ። ደምሴ ቤት ሄደን ካሴቶቹን አሰማነው። ጎርናናውን ወዲያው አወቀው፣ ስሙን ከነአገሩ። አልቃሻውን ደጋግመን ብናሰማው አላወቀውም። ኮራሁ። የእኔ ሰው ማሽን እንኳ የማይደርስበት ነው አልኩ። ደምሴ፣ ያልታወቀው ስለማይረባ ነው አለ። ጎርናናው ስሙ ቢታወቅም እኛ ጎርናናው ማለት አልተውንም።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ አንድም ዘፈን ከዳር እስከ ዳር አልሰማሁም። የምከራከረው ከትዝታ ነው። ይህን ማንም አያውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ወደ ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ፣ ወጥቼ ደምሴን ጠየቅሁት። ከስቷል። ባለቤቱ አስቴር ፓፓያ አቀረበች። እሷ ድሮም የጴንጤ ልጅ ናት፣ መዘምራን ውስጥ ያደገች። እሱ ግን እሷን ቤ/ክ አድርሶ በር ላይ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ነበር።

ፓፓያውን ሳልጨርስ ነገረኝ። ጌታን ተቀብሏል። ታሞ ሳለ የቤ/ክ ሰዎች በየቀኑ አልጋው አጠገብ ነበሩ፣ ሾርባ ያመጣሉ፣ ይጸልያሉ። እኔም እመጣ ነበር አልኩት። «አንተማ መጥተህ ግሉኮስ ተሰክቶብኝ ስለ ከበሮ ስትጨቀጭቀኝ ነበር» አለ። እውነት ነው። እሱም ግን እኩል ይመልስልኝ ነበር። ነርሷ ናት ያስወጣችኝ።

ዓለማዊ ዘፈን ከቤቱ ይወጣል። የካሴቱ ካርቶን ከነሙሉው። ማንም አላዘዘውም፣ ፓስተሩም አልጠየቀውም፣ የራሱ ውሳኔ ነው። ቅዳሜ ሳምንት ጓሮ ያቃጥለዋል።

ሌላውን እንደፈለግህ፣ አልቃሻውን ስጠኝ አልኩት።

«አልሰጥህም።»

ለምን?

«ለእኔ መርዝ ነው ብዬ ያወጣሁትን ለጓደኛዬ ላጉርስ? ጠላቴ ብትሆን እሺ።»

ጓደኛዬ አለ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ብሎኝ አያውቅም። የመረጠበት ጊዜ!

ልቆጣ ሞከርኩ። አልመጣልኝም። በባጃጅ ወደ ሲቀላ ወረድኩ፣ የምሳ ትራፊ ዓሣ በላሁ፣ ሸሚዜን ተኮስኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። ከሰዓት በኋላ

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ኤልያስ እኔን ለማናደድ የጎርናናውን ዘፈኖች በሙሉ ከስልኩ ወደ ስፒከሩ ለቀቀ። እኛ ካሴት ላይ የሌሉትንም ጭምር። እንዳልሰማ ሆኜ ጋዜጣ ገለጥኩ። አንዱ ዘፈን ላይ ሲደርስ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። ዜማውን አውቀዋለሁ። ግጥሙን አውቀዋለሁ። የአልቃሻው ነው፣ ትልቁ ዘፈኑ። ግን በዝግታ፣ በወፍራም ድምፅ፣ ከጉድጓድ ውስጥ።

መጀመሪያ የመጣልኝ፦ ሰረቀው! ጎርናናው የእኔን ሰው ዘፈን ሰረቀ። ኤልያስ ላይ ጮህኩበት። የሚቀጥለው መጣ። እሱም የአልቃሻው። ከእሱ የሚቀጥለውም።

ኤልያስ ስልኩን አየ፣ እኔን አየ። «ጋሼ፣ አንድ ሰው ነው እኮ።»

መሐንዲስ ነኝ። ከዚያ በላይ ማስረጃ አላስፈለገኝም። ያኔ ካምባ መብራት አልነበረም፣ ቴፕ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ሲደክም ሞተሩ ይዘገያል። በደከመ ሞተር የተቀዳ ዘፈን በደህና ሞተር ሲጫወት ይፈጥናል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ድንጋዩ ቅጂው መሐል ይበልጥ እየደከመ ከሄደ ደግሞ ወደ መጨረሻው ይበልጥ ይቀጥናል። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል የሚብሰው ልቅሶ። ያ ነው።

ኤልያስ በስልኩ ሊያፈጥነው ሞከረ። ቸኮለ እንጂ አላለቀሰም። በሌላ ዘዴ አቀጠነው፣ እንደ ዳክዬ ሆነ። አልቃሻው እዚያ የለም። ሴቻ፣ አንድ ካርቶን ውስጥ ብቻ አለ። እስከ ቅዳሜ።

«እና ጋሽ ደምሴ አሸነፉ ማለት ነው?» አለኝ ኤልያስ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ልንገረው ወይስ ልተወው? መንገር ማለት ዕድሜ ልኬን የተሟገትኩለት ሰው የእሱው ሰው ነው ብዬ እጄን መስጠት ነው። ብተወው ካሴቱ ይቃጠላል። ብነግረው ምናልባት ይሳሳለት ይሆናል። የገዛ እጁ ሥራ ነውና።

በሌላው ሁሉ ተስማምተን እናውቃለን? አናውቅም። ሮክ ላይ እኔ ጊታሩ የሚለውን ብሎ ዝም ሲል እወዳለሁ፤ ደምሴ ጊታር አንዴ ከጀመረ ባያቆም ደስ ይለዋል። ካንትሪ ለእሱ ከብት ያለበት፣ ከገበሬ ጋር የሚሄድ ሙዚቃ ነው። ለእኔ ሚስቱ የሄደችበት ሰው ለቀበሌ ያቀረበው አቤቱታ። ዲስኮ ላይ ብቻ አንድ ሆነናል፣ እሱም በጥላቻ፤ የኤልያስ መውደድ ነው አንድ ያደረገን።

ልጄ ከሐዋሳ ደወለች። ድምፅህ ምን ሆኗል አለች። ምንም አልኳት። እውነቴን ነው። ምንም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19። ከሥራ መልስ

ነገርኩት። ቆሜ፣ ሳልቀመጥ፣ እንደ ሪፖርት። ጎርናናውና አልቃሻው አንድ ሰው ናቸው፣ ምክንያቱ ድንጋይ ነው፣ አሸንፈሃል።

የደምሴ ሳቅ መጣ። ጎኑን ይዞ፣ ሶፋው ላይ ተጋድሞ። አስቴር ያመመው መስሏት ከጓዳ ሮጣ ወጣች። «አስቴርዬ፣ ድንጋዩ! ድንጋዩ እኮ ደክሞ ነበር! ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አስጥቼ ነው መልሼ የከተትኩት! ይኼ ሰውዬ ዕድሜውን በሙሉ የእኔን የሞተ ድንጋይ አፍቅሮ!» እሷም ሳቀች። እኔ ቆሜያለሁ። የከንፈሬ ጠርዝ ሳይንቀሳቀስ አልቀረም። እርግጠኛ አይደለሁም።

እንባውን ጠርጎ ሲያበቃ ጠየቅኩት። የአንተ ሥራ ነው፣ በዓለም ላይ ሌላ የለም፣ ስጠኝ።

«መርዝ ቢፈጥንም መርዝ ነው» አለ። «ቢዘገይም።»

አስቴር ለእኔ ቆመች። አንተ አትስማው፣ ሰውየው ግን ትልቅ ሰው ነው፣ ለራሱ ያውቃል፣ ስጠው አለችው። እምቢ አለ። እምቢ ብሎ ግን ቴፑን ከቁም ሳጥኑ አናት አወረደ፣ ካሴቱን ከተተ። «አንዴ ስማው። እኔ ጓሮ ነኝ።» እሱ እንዳይሰማ ወጣ።

ሰማሁ። ከባለቤቴ ሞት ወዲህ ከዳር እስከ ዳር የሰማሁት የመጀመሪያው። እንባ ጠበቅኩ፣ ንዴት ጠበቅኩ። ሰውየው ያለቅሳል፣ እኔ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አነባለሁ። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ፣ ድንጋዩ መሞት የጀመረበት ቦታ ላይ፣ ዓይኔ በመስኮት ወደ ጓሮ ወጣ። ደምሴ ሙዙ ሥር ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። ዶማ ይዟል። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ለካ እየሰማ ነው። ግራ እጁ የዶማውን እጀታ ከላይ ጨብጧል፣ ጣቶቹ እጀታው ላይ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። በልጅነቱ የካምባ ቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ፣ በጄኔሬተር፣ ባስ ጊታር ይጫወት ነበር። የባሱን መስመር እየመታ ነበር። አንድም ቦታ አልሳተም።

ዘፈኑ አለቀ። ካሴቱን ኪሴ ልከተው እችል ነበር። ጠረጴዛው ላይ ትቼው ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ተቃጠለ። አልሄድኩም። አስቴር ደውላ ነገረችኝ። ፕላስቲኩ ክፉኛ ሸተተ፣ ጎረቤት ተቆጣ አለች።

ኤልያስ ጋ ተቀመጥኩ። የጎርናናውን ነገር አነሳ። ድምፁ ጥሩ ነው አልኩ። እሱም አዎ ጥሩ ነው አለ። ሁለት ሰው ተስማምቶ ጁስ ሲጠጣ እንዴት ይሰለቻል። አንድ ደንበኛ መጥቶ የደምሴን ወንበር ሳበ። ሰው አለበት አልኩት። አልነበረበትም።

እሑድ፣ ጥቅምት 30። ቀትር

እነደምሴ ቤ/ክ ሄድኩ። ደምሴ ዛሬ ከመዘምራኑ ጋር ባስ እንደሚጫወት አስቴር ነግራኝ ነበር። ና አላለችኝም። ወደ ውስጥ አልገባሁም። የማርያም ልጅ ነኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ እናቴን መቃብሯ ውስጥ አላስደነግጣትም። ድምፅ ማጉያው ውጭ ነው፣ ባጃጆቹ የሚቆሙበት ዛፍ ሥር ቆሜ ሰማሁ።

መዝሙሩ በጋሞኛ ነው፣ ግማሹ ይገባኛል። ኪቦርዱ ከበሮውም እኔ ነኝ፣ ዋሽንቱም እኔ ነኝ ይላል። ኤልያስን አሰብኩ። ከዚያ ከሥር ባሱ ገባ። ትንሽ እንደማንኛውም ባስ ሄደ። ከዚያ አወቅኩት።

አልቃሻው ነው። ዜማው የሌላ ነው፣ ከሥሩ ያለው መንገድ ግን የእሱ። አካሄዱ የስልኩን አይመስልም፤ የካሴቱ ነው፣ በዚያው ፍጥነት፣ ወደ መጨረሻው እየፈጠነ። መዘምራኑ ትንፋሽ እያጠራቸው ተከተሉት። ደምሴ አያውቀውም። ሆን ብሎ የሚያደርግ ሰው አይደለም። ጣቶቹ የተማሩት ከዚያ ነው፣ ሌላ አያውቁም።

አንድ ነገር መጣልኝ። ንዴት ይመስለኛል። ደህና፣ ጤነኛ ንዴት። እንዲህ ይቻኮላል እንዴ ሰው?

ሲወጡ ጠበቅኩት። ነጭ ሸሚዝ፣ ላብ በላብ። ሲያየኝ አልደነገጠም። «እህስ፣ መሐንዲሱ?»

ምእመኑን አስሮጥከው አልኩት። ኪቦርዱና አንተ አልተቃኛችሁም። ከበሮውን ደግሞ ሰው ይምታው፣ እግዜርም እኮ ጆሮ አለው። አንተም በደከመ ድንጋይ የተቀዳህ ትመስላለህ።

የቤ/ክ ሰዎች አጠገባችን ነበሩ። ሳቁን ዋጠ፣ ትከሻው ግን ከዳው። ይህን ለእኔ ሳይሆን ለእነሱ ንገራቸው አለኝ፣ ሐሙስ 10 ሰዓት ልምምድ አለ። የማርያም ልጅ ነኝ አልኩት። «ና ያልኩህ ለመጨቃጨቅ ነው፤ ተጠመቅ መች አልኩህ» አለ።

የባሱ መንገድ ከየት እንደመጣ ግን አልነገርኩትም። ቢያውቅ ዛሬውኑ ያቆመዋል። ያን ሰው አውቀዋለሁ።

የሐሙስን የጫኖ ስብሰባ ሰርዣለሁ። ስለ ኪቦርዱ እናገራለሁ። ስለ ከበሮው እናገራለሁ። ስለ ፍጥነቱ ዳግመኛ አፌን አልከፍትም።