አማርኛ መቻሌን የሚያስረዳ ወረቀት

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለከድጄ፣ ሁዴዳ፣ ዐረብ አገር።

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ ሀቢቡና ትንሿ ሰፍያ ደኅና ናቸው? የዚያ አገር ሙቀት ሰው ይቀቅላል ይባላልና አሳስባችሁኛል። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ እማማም ከጉልበቷ በቀር ጤና ናት።

በደብዳቤሽ «የአባባን ወረቀት ለምን ፈለግኸው? እዚህ ያለውን ቤት ልትወስድብኝ ነው?» ብለሻል። አይደለም። ቤቱን ከነሙቀቱ ውሰጂው። እኔ የምፈልገው የኢትዮጵያ ዜግነት ነው፤ ለዚህም አባባ እዚህ የኖረበትን የመኖሪያ ፈቃድ አምጣ ተብያለሁ። አባባ የውጭ ሰው ስለነበረ፣ እኔም እዚሁ ቡታጅራ ተወልጄ የውጭ ሰው ነኝ አሉ፤ የውጭ ሰው ደግሞ መሬት ስለማይዝ የእማማ የእንሰት ጓሮ በስሜ አይዞርም። ጎረቤታችን ከአሁኑ አጥራችንን በእርምጃ መለካት ጀምሯል።

አውራጃው ቢሮ ከተጠየቅሁት ማስረጃ ሁሉ የገረመኝ «አማርኛ መናገርና መጻፍ መቻልህን ሦስት ሰው ይመስክርልህ» የሚለው ነው። እንደምታውቂው ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያው ቢሮ በር ላይ ተቀምጬ የአገሩን ማመልከቻ የምጽፈው እኔ ነኝ። ያም ሆኖ ጋሽ ሸምሶና ሁለት ወዳጆቻቸው ሊመሰክሩልኝ ተስማሙ። ችግሩ አንዳቸውም መጻፍ አይችሉም። ስለዚህ ወደ ማመልከቻ ጸሐፊ ሄዱ፤ ማለትም ወደ እኔ መጡ። ጻፍሁላቸው፤ አውራ ጣታቸውን አተሙበት።

መዝገብ የያዙት አቶ ያረጋል ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግተው «የሦስት ሰው ቃል በአንድ ሰው እጅ! ማን ጻፈው?» አሉኝ። እኔ ነኝ አልኋቸው። «አንተ ሰው፣ ለራስህ ትመሰክራለህ እንዴ?» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ። ጋሽ ሸምሶ «ታዲያ መጻፍ መቻሉ በዚሁ አልታወቀም?» ቢሉ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ እሳቸውም ተጠርጣሪ ሆኑ።

ምስክሮቼ ሁለተኛ ያስጻፉት ከዛፉ ማዶ በሚቀመጠው ጸሐፊ በፈቃደ ነው። የፈቃደ ጽሕፈት ዶሮ የጫረው መሬት እንደሚመስል ታውቂያለሽ። አቶ ያረጋል መነጽራቸውን ቢያወልቁ ቢያጠልቁ አልነበብ አላቸው። በመጨረሻ በር ላይ ብቅ ብለው «ሙሀመድሰይድ፣ እስቲ ና ይህን አንብብልኝ!» አሉ። አማርኛ መቻሌን የሚመሰክረውን ወረቀት ሦስቱንም ሳልደናቀፍ አነበብሁላቸው። እሳቸው ግን «በቃልህ አጥንተኸው መጥተሃል» ብለው መዝገቡን ዘጉት።

እንግዲህ ተስፋዬ የአባባ ወረቀት ብቻ ነው፤ ማኅተም ስላለው አይጠረጠርም ብለውኛል። ከሣጥኑ ፈልገሽ በሚታመን ሰው እጅ ላኪልኝ።

እማማ ዐይንሽን ስማለች። ለሀቢቡ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ሰፍያን ግንባሯን ሳሚልኝ። ጋሽ ሸምሶም፣ ጥርጣሬው ካልተላለፈብሽ፣ ሰላም ብለውሻል።

አንድ አደራ፦ ፖስታው ላይ አንቺ እንዳትጽፊ፤ ሀቢቡ በዐረብኛ ይጻፍበት። አንድ መምህር ስላስተማረን የእኔና የአንቺ እጅ ጽሕፈት አይለይም፤ አቶ ያረጋል ካዩት የአባባንም ወረቀት የጻፍሁት እኔ ነኝ ማለታቸው ነው።

ወንድምሽ ሙሀመድሰይድ
ቡታጅራ፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.