አክተሩ የትኛው ነው?

ሰኞ፣ የካቲት 7 — ከት/ቤት መልስ

ድምፄ ዛሬም አልተመለሰም። ዘይት እንዳጣ የጋሪ ጎማ ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል። ቲቸር ግርማ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አስነሥቶ አስነበበኝና ሁለተኛው መስመር ላይ «ተቀመጪ፣ ጆሮዬን አመመኝ» አለኝ። ትናንት ማታ ድምፄን የጨረስኩት እንግሊዝኛ ስተረጉም መሆኑን ቢያውቅ! ደግነቱ እሱ ቪዲዮ አያይም። ቪዲዮ የሰነፍ ትምህርት ቤት ነው ይላል።

«ስተረጉም» ስልሽ አትመኚኝ፣ ደብተሬ። ግማሹን ከፊልሙ፣ ግማሹን ከሆዴ ነው የማወራው።

እሑድ እሑድ ቀበሌው ቪዲዮ ያሳያል። ፊልሙ የፈረንጅ፣ ሕዝቡ የእኛ። እኔ ቴሌቪዥኑ ጎን ቀጭን ዘንግ ይዤ እቆማለሁ። ሕጉ አንድ ነው። ሰዎቹ ገና ብቅ ሲሉ በዘንጉ እየነካሁ ማሳየት አለብኝ፤ አክተሩ ይኼ፣ ሌባው ያ፣ የአክተሩ ጓደኛ ይኼ። (ጓደኛው ሁሌም መሃል ላይ ይሞታል። አትልመዱት እላቸዋለሁ።) ካላሳየሁ ኦቦ ቱፋ ያስቆሙኛል። የቀበሌው ዘበኛ ናቸው፤ ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ፊት ወንበር ላይ ይሰየማሉ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አክተሩ የትኛው ነው?» እሱን ካወቁ ልባቸው ያርፋል። አክተር አይሞትማ።

የትናንቱ ፊልም ጉድ ነው። አንድ ቀጭን ሰውዬ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሽቦ ተጠምጥሞበት ይቀመጣል። ፊቱ ቴሌቪዥን የመሰለ ነገር፣ ላዩ ላይ አረንጓዴ ፊደል የሚሮጥበት። ወንድሜ ደሬ ኮምፒዩተር ነው የሚባለው ብሎኛል። ሰውዬው የስልኩን እጀታ እንደ ሕፃን አንድ ዕቃ ላይ ያስተኛዋል። ከዚያ ቁልፉን ጠቅ ጠቅ ሲያደርግ ማዶ ከተማ ያለ ባንክ በሩ በራሱ ይከፈታል! ከቤቱ ሳይወጣ። ቁምጣውን እንኳ ሳይቀይር።

ማን ነው ይኼ ሲሉኝ ምን ልበል? እንግሊዝኛው እንደ ባቡር ያልፋል። ደሬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አፉን ከፍቶ ያያል። ታላቅ ወንድሜ ደረጀ፣ ራዲዮ ጠጋኝ። ሱቁ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ ነው፤ የቀበሌውን ቪዲዮም የጠገነው እሱ ነው። ሰይጣን ሹክ አለኝ። ሌባው ይኼ ነው፣ ሥራው ራዲዮ ጠጋኝ ነው፣ እናቱ ሚስት አግባ ትለዋለች፣ እሱ ገበታ ላይ ሽቦ ይበይዳል አልኩ። አዳራሹ ዞሮ ደሬን አየ። ሳቅ በሳቅ። ደሬ ጫማውን ሊወረውርብኝ ቃጣ።

የቀበሌው ጓድ ሊቀመንበር ብቻ አልሳቀም። ጓድ ጉሮሮ፣ ሲያጥር ጓ.ጉ.፣ ነው የምለው፤ ሳይጠርገው ቃል አይወጣውምና። (በአፌ አንቱ፣ እዚህ አንተ። ኦቦ ቱፋን ግን እዚህም አንቱ ነው የምላቸው።) ፊልሙ እኩሌታው ላይ መብራት ጠፋ። ስንወጣ በባትሪ ፊቴን አበራብኝና፣ እህህም፣ እውነት ሰው ቤቱ ተቀምጦ በሽቦ የሌላ ሰው መሣሪያ ውስጥ መግባት ይችላል ወይ አለኝ። በጣም ይቻላል፣ ውጭ አገር የታወቀ ነው አልኩት።

ምላሴ!

ረቡዕ፣ የካቲት 9 — ማታ

ስብሰባ ነበር፤ ስለ ሰፈር ጽዳት። ጓ.ጉ. ንግግሩ ለሰፈሩ ሁሉ ይሰማ ብሎ የድምፅ ማጉያውን ሽቦ በገዛ እጁ አስረዝሞ ጣሪያ ላይ አውጥቶታል። ደሬ ሽቦው አይሆንም፣ ብየዳውም ላልቷል ብሎት ነበር። አንተ ስለ ሽቦ እንጂ ስለ ሕዝብ ምን ታውቃለህ ተባለ።

ውጭ ነፋሱ አቧራውን ያቦናል። ጓ.ጉ. «ጓዶች፣ እውነቱን የምነግራችሁ እኔ ነኝ» ብሎ ጉሮሮውን ሲጠርግ ማጉያው ተንሿሿ። ከዚያ ሌላ ሰው ተናገረ። በአማርኛ። ጥርት ባለ ድምፅ «ውድ አድማጮቻችን» ብሎ ሰላምታ አቀረበ።

የውጭ አገሩ ራዲዮ! ሁላችንም በራችንን ዘግተን፣ ብርድ ልብስ ተከናንበን የምንሰማው። ሁሉም ድምፁን ያውቀዋል። ሁሉም እንደማያውቀው ሆነ። አንዱ ጣሪያ ያያል፣ አንዷ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠውና በሳል ሸፈነው። ጓ.ጉ. ላብ በላብ ሆኖ ሽቦውን ነቀለ።

ቤት ስንደርስ ደሬ አስረዳን። ረጅም ሽቦ የላላ ብየዳ ላይ ሲቀጠል ከአየር ላይ ራዲዮ ይይዛል፣ ማንም አላደረገውም አለ። እየሳቀ ነው የሚያስረዳው። እኔ አልሳቅኩም። የሊቀመንበሩ ዓይን ማጉያው ላይ አልነበረም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር።

ሐሙስ፣ የካቲት 10

ወሰዱት። ጠዋት፣ ሱቁን ሲከፍት። መበየጃውንና አሮጌ የተበላሸ ስልኩንም ወሰዱ፤ ለማስረጃ። የስልኩን እጀታ ልክ እንደ ፊልሙ አስተኝተው ነው የተሸከሙት። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

እማዬ ሮጣ ቀበሌ ሄደች። ጓ.ጉ. ምን አላት? ደሬ ከሱቁ ሆኖ በሽቦ የአዳራሹ ማጉያ ውስጥ ገባ አላት። ይህ እንደሚቻል የገዛ ልጅዎ በሕዝብ ፊት አስረድታለች አላት።

እማዬ መጥታ አየችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሄድኩ። ለጓ.ጉ. ፈጥሬ ነው ያወራሁት፣ ሰውዬው ራዲዮ ጠጋኝ መሆኑን ፊልሙ አይልም አልኩት። ጉሮሮውን ጠርጎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ወንድምሽን ለማዳን መዋሸትሽ ነው፣ ደግ እኅት ነሽ አለኝ። ስዋሽ ያመነኝ ሰውዬ እውነት ስነግረው ውሸታም አለኝ። ሽማግሌ እንዲህ ነው።

ዓርብ፣ የካቲት 11 — ከሰዓት

ለደሬ ምሳ አደረስኩ። ቀበሌው ግቢ ያለው መጋዘን ውስጥ ነው። የሚጠብቁት ኦቦ ቱፋ ናቸው። ቁልፉን ሲከፍቱ ዓይኔን ማየት አልቻሉም። ይኼ ልጅ የእኔንም ራዲዮ በነፃ ነው የሠራልኝ፣ ሌባ ግን መቼም መልክ የለውም አሉኝ። እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው! ሌባው ያ ነው ብዬ በዘንግ አሳይቼ!

ደሬ ሁለት ነገር ነገረኝ። አንድ፦ ሰኞ ከቀበሌ በላይ ወዳለው ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ከፍተኛ ያስተላልፉታል። ወደ ከፍተኛ የሄደ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። የጎረቤታችን ልጅ ሄዶ እናቱ እስከ ዛሬ ምሳ ይዛ ትመላለሳለች። ሁለት፦ እሑድ የፊልሙ ሁለተኛ እኩሌታ ይታያል፤ ጓ.ጉ. ሌባው እንዴት እንደሚያዝ ልማርበት ብሏል። እኔ እንዳወራ ታዝዣለሁ። ቲቸር ግርማ አጠገቡ ተቀምጦ ትክክል መሆኔን ያጣራል።

ቲቸር ግርማ!! እስከ ዛሬ ያወራሁትን ሁሉ ቢሰማ ምድር ትዋጠኝ።

ደሬ ቪዲዮውን ሲጠግን ካሴቱን እስከ መጨረሻው አይቶታል፤ እንግሊዝኛውን ባይሰማም። መጨረሻው ምንድነው አልኩት። ዳቦ አነሣ። ከዚያ ባለሽቦውን ደረጃ ላይ ተኩሰው ይገድሉታል አለኝ።

እጁ ላይ ያለው ዳቦ አልተቆረሰም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 12

ትምህርት የለም። እንቅልፍም የለም። ቁጭ ብዬ ሰዎቹን አደላድላለሁ።

ባለሽቦው — ሌባ ብዬዋለሁ። መገልበጥ አለበት። ፊልም መሃል ላይ ሲገለበጥ ሕዝቡ ይወዳል፤ ተሸወድን ይላሉ፣ ደስ ይላቸዋል።
ባለኮቱ (ሙሉ ልብስ፣ ወፍራም ሲጋራ፣ የባንኩ አለቃ) — እስካሁን ተበዳይ ነበር። ከነገ ጀምሮ እሱ ነው ሌባው።
ፖሊሷ (ጸጉሯን የተቆረጠችው) — አታውቅም። እየተታለለች ነው።
የአክተሩ ጓደኛ — ባለፈው ሞቷል። ነፍሱን ይማር።

ችግሩ ሞቱ ነው። ባለሽቦውን አክተር ካደረግኩት አክተር ሊሞት ነው። በእኛ አዳራሽ አክተር ሞቶ አያውቅም። አልሞተም፣ ተደናቀፈ ልበል? ደሙስ? ቀለም ነው ልበል? ኦቦ ቱፋ ስንት ደም ያዩ ሰው ናቸው፤ ቀለም አያምኑም።

ደግሞ ማን ያውቃል። እንግሊዝኛውን እኔም አልሰማሁ፣ ደሬም አልሰማ። ምናልባት የእኔ ውሸት የፊልሙ እውነት ይሆናል።

እንቅልፍ ማጣቴን አይታ እማዬ ፌጦ አጠጣችኝ። እማዬ ለሁሉም ፌጦ ናት።

እሑድ፣ የካቲት 13 — አሁን መምጣቴ ነው

እጄ ይጽፋል፣ እኔ ገና አዳራሹ ውስጥ ነኝ።

ጢም ብሏል። ከወለንጪቲ ለገበያ መጥተው ያደሩ ሳይቀሩ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥለዋል። ጓ.ጉ. መሃል፣ ቲቸር ግርማ በስተቀኙ መነጽሩን እየወለወለ። እማዬ ኋላ ቆማለች። ቪዲዮ አይታ አታውቅም።

ጀመረ። ኦቦ ቱፋ ሳይጠይቁኝ ዘንጉን ባለሽቦው ላይ አሳረፍኩ። አክተሩ ይኼ ነው አልኩ።

ጩኸት! ሌባው አይደለም ወይ! ዘንጉን አልነቀልኩም። እኛም እንደ ከተማው ሰው ተሸውደን ነበር አልኩ። ባንኩን የዘረፈው ባለኮቱ ነው፤ ይኼ ልጅ ሽቦ ስለሚያውቅ ብቻ አላከኩበት። ሽቦ የሚያውቅ ማን ነው ሲባል እሱን አመጡ። ያየው ሰው የለም። የጠየቀውም የለም። (ባለኮቱን ጉሮሮውን ላስጠርገው ምንኛ አማረኝ! ምላሴን ነከስኩ።)

ቲቸር ግርማን በቆረጣ አየሁት። አንገቱን አስግጎ ያዳምጣል። አይነቃነቅም።

ፖሊሶቹ ቤቱን ሲከቡ ሕዝቡ ተነሣ። አንዷ «ልቀቁት!» አለች። ሌላው ተቀበለ። አዳራሹ ሙሉ ልቀቁት፣ ልቀቁት! ለቴሌቪዥኑ ነው የሚጮኹት። ለማን እንደሚጮኹ ግን የገባቸው እየበዙ ሄዱ። ድምፁ ተለወጠ።

ደረጃው መጣ። ተኩሱ መጣ። ወደቀ።

ተደናቀፈ ልል አፌን ከፈትኩ። አልወጣም። «ሞተ» አልኩ። «ጥፋት የሌለበት ሰው ነበር። አክተሩ ሞተ።»

  ኦቦ ቱፋ ጠመንጃቸውን መሬት አስቀምጠው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «አክተሩ? አክተሩ ይሞታል እንዴ?» አሉ።

የሰውዬው ኮምፒዩተር አሁንም በርቷል። ጥቁሩ ላይ አረንጓዴ ፊደል ቆሟል። ይህን ማንበብ እችላለሁ፤ ግንኙነቱ ተቋርጧል ነው የሚለው። እኔ ግን ጮክ ብዬ «እኔ አይደለሁም፣ ይላል» አልኩ።

ጓ.ጉ. ወደ ቲቸር ግርማ ዞረ። እንዲህ ነው የሚለው? አለው። ጽሑፉ የእጅ መዳፍ ያህላል። የአራተኛ ክፍል ልጅ ያነበዋል። ቲቸር ግርማ መነጽሩን አወለቀ፣ ወለወለ፣ መልሶ አደረገ። ጽሑፉን አየ። እኔን አየ።

«ቃል በቃል» አለ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 15 — ሊመሽ ሲል

ደሬ ተፈታ! ትናንት። ወደ ከፍተኛ አልሄደም። ኦቦ ቱፋ ሌሊቱን ከመጋዘኑ በር አልተነሡም፣ ጠዋት ደግሞ ጓ.ጉ. ፊት ቆመው ዋስ እኔ ነኝ አሉ። የሰፈሩ ሴቶች ከእማዬ ጋር ግቢውን ሞልተው ነበር። ማንም አልጮኸም፤ ቆሙ ብቻ። ጓ.ጉ. ጉሮሮውን ሲጠርግ ዋለ፣ ቃል አልተከተለም።

ደሬ እንደተፈታ ሽቦውን አሳጠረ። ብየዳውንም አጠበቀ። ማጉያው አሁን የሚናገረው የጓ.ጉ.ን ብቻ ነው። ከእኔ ጋር ግን አልተነጋገረም። ዛሬ ምሳ ላይ ሳላስበው ጫማውን ወረወረብኝ፤ ታረቅን ማለት ነው።

እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። አላበቃም።

ከት/ቤት ስመለስ ጓ.ጉ. ቢሮው አስጠራኝ። ለስላሳ አስከፈተልኝ። ወንበር ሰጠኝ። (አንድ ሽማግሌ ወንበር ሲሰጥሽ ሩጪ፣ ደብተሬ።) ተሰጥዖ አለሽ አለኝ። ሕዝቡ እኔ ሁለት ሰዓት ከምናገረው አንቺ በዘንግ ያመለከትሽውን ያምናል አለ። አልተናደደም። ያ ነው ያስፈራኝ። እሑድ ሌላ ካሴት ይመጣል። ከእንግዲህ ሌባው ማን እንደሆነ ቀድሜ እኔ እነግርሻለሁ አለኝ።

ማን ይሁን? አልኩት።

አስተማሪ ይሁን አለ። መነጽር ያለው። እንግሊዝኛ የሚያውቅ፣ ሕዝብ የሚያታልል።

ፊደሉን እሱም አንብቦት ነበር ማለት ነው። ወይ ሌላ ሰው አንብቦለታል።

እሺ ብዬ ወጣሁ። እሺ ነው ያልኩት! እግሬ እስከ ቤት አላቆመም።

አስቤ ጨረስኩ። እንቢ ካልኩ ደሬ መጋዘን ይመለሳል። ካወራሁ ቲቸር ግርማ። ግን ካለ እኔ በዚህ ሰፈር የፈረንጅ ፊልም ቆሞ ማውራት የሚችል አንድ ሰው ነው ያለው፣ እሱም ቲቸር ግርማ። ዘንጉን ይስጡት። ራሱን አያመለክትም።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ድምፄ መዘጋቱን ክፍሉ ሁሉ ሰምቷል። ምስክር ሞልቷል። እንደገና ይዘጋ፤ አሁን ግን ሳይከፈት ይክረም። ፌጦም፣ ጸበልም፣ የጤና ጣቢያ መርፌም አይክፈተው። ለደሬም አልነግረው፣ ለእማዬም አልነግራት። እማዬ ምስጢር ከያዘች ፊቷ ላይ ይጻፋል።

ያቺ ምላሴ። እንዴት እችላት ይሆን?

እማዬ ለራት እየጠራችኝ ነው። ደገመች። ሦስተኛዋ ላይ ትመጣለች።

አቤት አልልም። ጀምሬያለሁ።