የአባታችን መጽሐፍ ምስክር

ሞጣ፣ ጥቅምት ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለውድ እታለሜ፣ ቢቸና

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? ባለቤትሽስ ወገቡን ተሻለው? እኔ ከጉንፋን በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ነጋዴው መልእክትሽን አድርሶኛል። አባባ ያን መጽሐፍ ሲያነቡ በልጅነቴ ከደጅ ሆኜ ሰምቻለሁ፣ መጥቼ ልመስክርና መጽሐፉ ከተቀበረበት ይውጣላቸው ብለሻል። እባክሽ አትምጪ። አንዴ ካልሽ የማትመለሺ ግትር መሆንሽን ስለማውቅ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

በአባባ አርባ፣ ዕድሜ ልካቸውን የጸለዩበትን ብራና ሊቃውንቱ ፊት አቀረብኩ። በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት፣ ከሰማንያ አሐዱ ጋር እንዲቀመጥላቸው ጓጉቼ ነበር። የኔታ ገብረ ሕይወት ግን፣ ጥንት አይሁድም ሆኑ ክርስቲያኖች ቅዱሱን መጽሐፍ የለዩት በጆሯቸው ነው፤ በጉባኤ ሲነበብ የኖረው ጸና፣ ያልተነበበው ተሰወረ አሉ። ከዚያም በደብራችን ልማድ፣ ይህን ከመምህር አፍ የሰማ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ሰማሁ ብሎ የተነሣ የለም። አባባ በራቸውን ዘግተው ነበርና የሚያነቡት፣ እኔም አልሰማሁም።

የኔታ ሊመረምሩት አንዱን ገጽ ጮክ ብለው አነበቡ። ምርቃት ነው፤ ነገር ግን ከእግዚአብሔር አይለምንም። «ከአፈር በታች የሚያደምጡት ስምህን አይርሱት» ይላል። መጻፌም ያስፈራኛል፣ ሁለተኛ አልጽፈውም። የኔታ ፊታቸው ጠቁሮ ዘጉት። በሌላው ገጽ የፈጣሪ ስም ስላለበት አይቃጠልም ተባለና፣ እንደ ሰው ገንዘን ከአባባ መቃብር ጎን ቀበርነው። አለቀስኩ እታለሜ፤ አባቴን ሁለተኛ የቀበርኩ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሞጣ የማውቃት ሞጣ አልመስል ብላኛለች። ሴቶቹ ከምንጭ ሲለያዩ በዚያ ምርቃት ይሰነባበታሉ። ጎረቤቴን ፈንታነሽን ከማን ሰማሽው ብላት፣ ምኑን አለችኝ፤ መናገሯንም አታውቅም። የኔታም ማስተማሩን ትተው፣ ጆሯቸውን መቃብሩ ላይ ደፍተው ይውላሉ። ተነሡ ብላቸው፣ ዝም በል፣ አባትህ እያነበቡ ነው ብለው ተቆጡኝ። እኒህን የመሰሉ ሊቅ! አዘንኩላቸውና አጠገባቸው ተንበረከክሁ። ጆሮዬን ያስጠጋሁት ለአፍታ ብቻ ነው። ምንም አልሰማሁም።

ሳስበው ግን የኔታ ራሳቸው የሰማ ይመስክር ብለው የለ? ከመምህሩ ከአባባ አፍ የሰማሽ ደግሞ አንቺ ብቻ ነሽ። አትምጪ ብዬ ለምን እንደጻፍኩ እንጃ። ነይ። ልጆቹንም አምጪያቸው፣ የልጅ ጆሮ ንጹሕ ነው። አባባ ድምፃቸው ምንም አልደከመም፤ ስትሰሚያቸው ደስ ይልሻል።

ለባለቤትሽና ለጎረቤት ሁሉ ሰላም በይልኝ። እመቤቴ በመንገድ ትከተልሽ። ከአፈር በታች የሚያደምጡት ስምሽን አይርሱት፣ የልጆችሽንም።

ናፋቂሽ፣ ታናሽ ወንድምሽ