ሽማግሌዎቹን ተከትለህ የመጣህ ዕለት

አምቦ፣ ጥቅምት 2017 ዓ.ም.

ውድ ኤቢሳ፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም። ደህና ያልሆነ ሰው ስለ ቫይረስ በቴሌግራም እንዲህ የድምፅ መልእክት አያግተለትልም። እኔ የጠየቅሁህ «አባቴን ይቅርታ ልትጠይቀው መቼ ትመጣለህ?» ብዬ ነው። አንተ «ቫይረስ ከሴል ውጭ ሲሆን ሕያው ነው ለማለት ይከብዳል» ብለህ መለስክልኝ። ኧረ ይክበድ! እኔ ምን አገባኝ?

እስቲ የሆነውን ላስታውስህ፤ አንተ ሁልጊዜ የሆነውን ትተህ ትርጉሙን ነው የምትፈልገው። ሽማግሌ የላከ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አምቦም፣ ባኮም፣ ሸነንም እንዲያ ነው። አንተ ግን ከጉደር ድረስ ሽማግሌዎቹን ተከትለህ መጣህ፤ «በር ላይ እቆማለሁ» ብለህ ገባህ። ከሽማግሌዎቹ ታላቁ ኦቦ ፈየራ እርጥብ ሰርዶ ይዘው መረቁ፤ «እንደ ሰርዶ ለምልሙ፣ ቢቆርጧችሁ አቆጥቁጡ» አሉ። ሁላችን «አሜን» ስንል አንተ እንደ ተማሪ እጅህን አወጣህ!

«ይቅርታ ኦቦ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ይሄ ሰርዶ ተቆርጧል፤ ግን ገና አልሞተም። ታዲያ የሚሞተው መቼ ነው? ሲቆረጥ ነው? ሲጠወልግ ነው? መስመሩ የት እንደሆነ ማንም አያውቅም።»

ምርቃት መሀል ሞት ጠራህ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አባቴ «ማል ጄዴ? ምን አለ ይሄ ልጅ?» ብሎ ተነሳ። ኦቦ ፈየራ «ተው ኦቦ አመዩ፣ ልጁ ትምህርት በዝቶበት ነው» ቢሉትም ጓዳ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሽማግሌዎቹ የቀረበላቸውን ምግብ ሳይቀምሱ ወጡ። አንተ መንገድ ላይ እንኳ አላረፍክም አሉ፤ በቅሎ ስለማትወልድ ሕይወት የላትም እንበል ወይ እያልክ ኦቦ ፈየራን ስታደርቃቸው ነበር።

ረስተኸው እንደሆነ እኔም ባዮሎጂ ነው የማስተምረው። ሕይወት ያለው ነገር ይተነፍሳል፣ ያድጋል፣ ሲነኩት ምላሽ ይሰጣል እላቸዋለሁ ልጆቹን። አንተ «ይሄ ዝርዝር እንጂ ትርጉም አይደለም» ትለኛለህ። ይሁን። ግን በዚህ ዝርዝር ብለካህ፣ አንተ ራስህ ሲነኩህ ምላሽ የለህም።

እውነቱን ልንገርህ፣ የወደድኩህ በዚሁ ጥያቄህ ነው። ጉደር ወንዝ ዳር ቁጭ ብለን፣ እሳት ይበላል፣ ያድጋል፣ ይባዛል፣ ታዲያ ለምን ሕያው አንለውም ስትለኝ ምሳችን ቀዘቀዘ። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ሰልችቶኛል፤ አንድ ቀላል ጥያቄ ጠይቄህ አንድ ቀላል መልስ ሳላገኝ ወር ሆነኝ።

አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ታላቅ እህቴ ሃዋኒ በወሊድ እንደሞተች ታውቃለህ። አዲስ አበባ ሪፈር ተብላ አባቴ አልጋዋ አጠገብ እንደነበር ግን አታውቅም። የሚያስተነፍሳት ማሽኑ ነው፤ እጇ ግን ይሞቃል። አባቴ የገባውን ሐኪም ሁሉ «ልጄ አለች ወይስ የለችም?» ይላል። አንዱ «ልቧ ይመታል» ይለዋል። ሌላው «አንጎሏ አይሠራም» ይለዋል። አለች ወይም የለችም ብሎ የነገረው ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ማሽኑን ነቀሉት። አባቴ እጇን ይዞ ነበር፤ እስከሚቀዘቅዝ አልለቀቀውም።

እንግዲህ አንተ እሱ ቤት ቆመህ ነው መቼ እንደሚሞት ማንም አያውቅም ያልከው።

የተቆጣ መስሎህ ትፈራዋለህ፤ እኔም መስሎኝ ነበር። ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጅ ተቀምጦ ጠበቀኝና «ሴና፣ ያ ልጅ ሕይወት ምን እንደሆነ ነው የሚያጠናው አላልሽም?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «እንግዲያው ጠይቂልኝ። ማሽኑን ሲነቅሉት ልጄ ነበረች? ንቀሉት ያልኩት እኔ ነኝ።»

«እጠይቅልሃለሁ» አልኩት።

ስለዚህ እሁድ ብቻህን ና። ቫይረሱንም በቅሎዋንም እዚያው ጉደር ተዋቸው። የምታውቀውን በቀስታ ንገረው፤ የማታውቀውን አላውቅም በለው። ከዚያ ዝም ብለህ አጠገቡ ተቀመጥ፤ ቢያለቅስም አትነሳ። ይህን ካልቻልክ ግን ኤቢሳ፣ ሁለተኛ ሽማግሌ አትላክ። ያኔ እምቢ የምልህ እኔው ነኝ።

እያናደድካትም የምትወድህ፣
ሴና