ሰማት ወይስ ሳማት

ለውድ እህቴ ለየትምወርቅ፣ ሰላምታዬ ከነናፍቆቱ ይድረስሽ። እዚህ ዲላ ዝናቡም እኛም ደህና ነን፤ ተመስገን።

የላክሽው ልብ ወለድ ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር እንደ ማኅበር በየተራ ጮክ ብለን እናነበዋለን። ባለፈው ወር ተራው የእኔ ነበርና፣ «በሩ ላይ ቆሞ ሰማት» የሚለውን «ሳማት» ብዬ አነበብኩት።

«ኧረ ጋሽ አለባቸው!» አለ አብዲሳ፤ «ደራሲው ገና መቼ አስተዋወቃቸው?»

ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ጥፋቱ የአታሚዎቹ ነው፤ ዘንድሮ የ«ሰ»ንና የ«ሳ»ን እግር እኩል ማድረግ ጀምረዋል። በዚህ ዓመት የቀየርኩት ሦስተኛው መነጽርም ከእነሱ ጋር አብሯል።

ከዚያ ወዲህ ጓደኞቼ ማንም ምንም ሳይናገር ከተራ አሳረፉኝ። እኔ ሻዬን እጠጣለሁ፣ እነሱ ያነቡልኛል። አብዲሳማ ደስ ያለኝን ገጽ ሳልጠይቀው ይደግምልኛል። ነገሥታት ነበሩ አሉ እንዲህ የሚነበብላቸው፤ እኔ ግብር እንኳን ሳላስከፍል አገኘሁት።

የእጅ ጽሑፌ አምሮ ብታዪው አትገረሚ፤ የጎረቤታችን ልጅ ትጊ እጇን ታፍታታ ብዬ እሷን አጽፌያት ነው። መልስሽን አታዘግዪብኝ። ብቻ የቤተሰብ ሐሜት አታብዢበት፤ ትጊ ሐሜት ስታነብ ድምፅዋ ወናጎ ድረስ ይሰማል።

በሰላም ያገናኘን።
ወንድምሽ አለባቸው